ከሙሌቱ በፊት፦ ጥሩ ፎርማን በምን ይታወቃል?

ነገ ሶሌታ (የፎቅ ወለል) በአርማታ ሊሞላ ነው። ከሰዓት በኋላ 11 ሰዓት ገደማ አንድ ፌራዮ (ፌሮ፣ ማለትም የአርማታ ብረት የሚያስር ሠራተኛ)፣ ከኮለኑ ጥግ ያለው የቢም ስታፋ በየ10 ሳንቲ ሜትሩ መታሰር ሲገባው በየ20 መታሰሩን ልብ ይላል። ኮለን ቋሚው ምሰሶ፣ ቢም አግዳሚው ተሸካሚ፣ ስታፋ ደግሞ የቢሙን ዋና ብረቶች የሚያቅፍ የብረት ቀለበት ነው። ስህተቱ የራሱ ሊሆን ይችላል፣ የጓደኛውም ሊሆን ይችላል። ወይ ሄዶ ለፎርማኑ ይናገራል፣ ወይ ዝም ብሎ ፒንሳውን ኪሱ ከትቶ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ነገ እኩለ ቀን ላይ ያ ቦታ በአርማታ ይሸፈናል፤ ከዚያ በኋላ የሚያየው ሰው የለም። የሚመርጠውን መንገድ በአብዛኛው የሚወስንለት፣ ባለፉት ሳምንታት ፎርማኑ ስህተት ይዞለት የመጣን ሰው እንዴት እንደተቀበለ ያየው ነገር ነው።

የአንድ ሳይት መሪ ዋናው መለኪያ ይህ ነው ብዬ አምናለሁ፦ ስህተት ጆሮው የሚደርሰው ከሙሌቱ በፊት ነው ወይስ በኋላ? ዕውቀቱ፣ ዝግጅቱ፣ አነጋገሩ፣ የደመወዝ አከፋፈሉ ሁሉ ዞሮ ዞሮ ወደዚህ ይገባል። ይህን የምጽፈው ለአዲስ ፎርማኖችና ከዩኒቨርሲቲ ወጥተው ሳይት ለሚረከቡ ወጣት መሐንዲሶች ነው። ሌላ ሥራ ላይ ያለ ሰውም የራሱን «ሙሌት» ያውቀዋል፤ በየሙያው አንዴ ከተሸፈነ የማይከፈት ነገር አለ።

ስታፋውን ያነሳሁት በምክንያት ነው። ቢም ከኮለን ጋር በሚገናኝበት ጫፍ ላይ ቆራጩ ኃይል ይበዛል፤ ሕንፃው በመሬት መንቀጥቀጥ ሲወዛወዝም ትልቁን ጫና የሚቀበለው ይኸው መገጣጠሚያ ነው። ዲዛይነሩ እዚያ ላይ ስታፋ የሚያጠጋጋው ለዚህ ነው። በ2017 ዓ.ም. በአዋሽ ፈንታሌ አካባቢ የተነሳው መንቀጥቀጥ አዲስ አበባ ድረስ ተሰምቶ ነበር፤ ፎቅ ላይ የሚኖር ሰው ያን ሰሞን እንዴት እንዳደረ አይረሳውም። ከሙሌቱ በፊት የጎደሉትን 5 ስታፋዎች ጨምሮ ማሰር አንድ ሰዓት የማይሞላ ሥራ ነው። ከሙሌቱ በኋላ ግን ወይ አርማታ መስበር ይመጣል፣ ወይ በውድ ዋጋ ማጠናከሪያ ማሠራት፣ ወይም ከሁሉ የከፋው፣ ማንም ሳያውቅ ሰው ይገባበታል።

ታዲያ ፌራዮው መጥቶ ሲናገር ምን ይደረግ? የመጀመሪያው ግማሽ ደቂቃ ብዙ ነገር ይወስናል። ብዙ ፎርማን ሳያስበው ከአፉ የሚያወጣው «ማነው ያሰረው?» የሚል ጥያቄ ነው። ያን ጊዜ ወሬው ከስታፋው ወደ ሰውየው ይዞራል፤ ዙሪያውን የቆሙት ሁሉ ጆሯቸውን ያቆማሉ፤ የነገረውም «ምነው አፌን በዘጋሁት» ይላል። መጀመሪያ የሚባለው «ጥሩ አደረግህ፣ ና አሳየኝ» ነው። ቀጥሎ ሜትር ይዞ እዚያው ድረስ መሄድ ነው። «እሺ በኋላ አየዋለሁ» አይባልም፤ በኋላ የሚባለው ጊዜ ሳይት ላይ ብዙውን ጊዜ አይመጣም። ለክቶ፣ ሥዕሉን ዘርግቶ አመሳክሮ፣ እዚያው ቆሞ ማን እንደሚያስተካክለው፣ ስንት ስታፋ እንደሚጨመርና በስንት ሰዓት ተመልሶ እንደሚያየው መናገር አለበት።

እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። «ያየኸው አንተ ነህ፣ እንግዲህ አስተካክለህ ሂድ» ማለት የተለመደ ነው። ሰውየው ስህተት በመናገሩ የተከፈለው አንድ ሰዓት ነፃ ጉልበት ሆነ ማለት ነው። በሚቀጥለው ጊዜ አይናገርም፤ አልፈርድበትም። ማስተካከያው ከሥራ ሰዓት ውጭ ከሆነ በትርፍ ሰዓት ተመዝግቦ ይከፈለው፤ ወይም ሥራው ለጠዋት ይተላለፍና ሙሌቱ አንድ ሰዓት ይዘግይ።

በማግስቱ ጠዋት ሥራ ከመጀመሩ በፊት ስም ሳይጠሩ ለሁሉም መንገር ይጠቅማል፤ ምን እንደተገኘ ብቻ ሳይሆን ለምን እንደተፈጠረም ጭምር። ብዙ ጊዜ ምክንያቱ ስንፍና ሆኖ አይገኝም። ሥዕሉ በስልክ ፎቶ ተነስቶ በትንሽ ስክሪን ላይ ቁጥሩ ሳይነበብ ቀርቶ ይሆናል፤ ወይም የስታፋው ርቀት በፎርምወርኩ (አርማታው በሚፈስበት የጣውላ ቅርጽ) ጎን ላይ በጠመኔ አልተሰመረም። መፍትሔውም ያን ያህል ከባድ አይደለም፦ የቢሙ ሁለት ጫፍ በ10፣ መካከሉ በ20 ከሆነ (ቁጥሩ እንደየዲዛይኑ ይለያያል) ፌራዮው ማሰር ከመጀመሩ በፊት ርቀቱ ጣውላው ላይ ይሰመራል። ከዚያ በኋላ ለማሰርም ለማየትም ይቀላል።

ስህተት ሁሉ በፈገግታ ይታለፍ እያልኩ አይደለም። የሠራውን ስህተት የተናገረና የደበቀ ሰው ግን አንድ ዓይነት ቅጣት ካገኙ፣ ሳይቱ በሙሉ መደበቅን ይማራል። የተናገረ ይታረማል፤ ደጋግሞ ያው ስህተት የሚታይበት ሰው ሥራ ይቀየርለታል ወይም ከጎኑ የሚያውቅ ሰው ይመደብለታል። አውቆ የሸፈነ ግን፣ ለምሳሌ ሃኒኮምብ (ጠጠሩ መሐል የቀረ ክፍተት) የወጣበትን ኮለን ለሱፐርቫይዘሩ ሳያሳይ በሲሚንቶ ልስን የደፈነ፣ በጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ይሰጠው። ልዩነቱ ገና ሥራው ሲጀመር በግልጽ ይነገር፤ ሰው ያላወቀውን ሕግ ሊያከብር አይችልም።

አሁን ወደ ዝግጅቱ ልምጣ። ይህን ክፍል አረዝመዋለሁ፤ ምክንያቱም ሳይት ላይ የሚታየው አብዛኛው መጥፎ አመራር፣ ቁጣውም ጥድፊያውም፣ ከዋዜማው ስሌት ጉድለት የሚወለድ ነው።

20 ሜትር ኪዩብ አርማታ የሚጠይቅ ሶሌታና ቢም አለ እንበል። ቅልቅሉ ሳይት ላይ የሚሠራ፣ በሜትር ኪዩብ 360 ኪሎ ሲሚንቶ የሚገባበት ነው። 20 በ360 ሲባዛ 7,200 ኪሎ ይሆናል፤ 72 ኩንታል፣ ማለትም 144 ከረጢት። የተለመደው 350 ሊትር ሚክሰር በአንድ ዙር አንድ ከረጢት ሲሚንቶ ይቀበላል፤ ስለዚህ 144 ዙር አለ። ከመጫን እስከ መድፋት አንድ ዙር 4 ደቂቃ ቢፈጅ ከ9 ሰዓት ተኩል በላይ ይሆናል፤ 5 ደቂቃ ቢፈጅ ድፍን 12 ሰዓት ነው። ይህ እንግዲህ ሚክሰሩ ሳይቆም፣ ማንም ምሳ ሳይበላ፣ ውሃ ሳያልቅ ነው። ጠዋት 2 ሰዓት የተጀመረ ሙሌት ማታ 2 ሰዓት ላይ ገና ሊሆን ይችላል።

ይህን ሒሳብ ያልሠራ ፎርማን ከሰዓት በኋላ 10 ሰዓት ሲሆን ገና ግማሹ እንደቀረ ያያል፤ መጮህም ይጀምራል። ጩኸቱ የሚያመጣው ውሃ ነው። ውሃ የበዛበት ቅልቅል ከሚክሰሩ ቶሎ ይወርዳል፣ ከጋሪው ቶሎ ይፈሳል፣ ለመዘርጋትም አያደክምም፤ የደከመና የተጮኸበት ሠራተኛ ባልዲውን ቢያበዛ አይገርምም። ለ50 ኪሎ ሲሚንቶ 25 ሊትር ውሃ ታዝዞ 30 ሊትር ቢገባ፣ አርማታው ሊኖረው ከሚገባው ጥንካሬ በግምት አንድ አምስተኛውን ያጣል። ዝናብ የመታው አሸዋ ደግሞ ራሱ ውሃ ይዞ ስለሚመጣ፣ ከታዘዘው ላይ መቀነስ ያስፈልጋል። አሸዋና ጠጠር የሚለኩባቸው ሳጥኖችም እንዲሁ ናቸው፤ አፉ ድረስ ሞልቶ በእንጨት መስተካከል የነበረበት የአሸዋ ሳጥን በጥድፊያ አንዴ ተቆልሎ፣ አንዴ ጎድሎ ይገባል። አርማታውን እየነቀነቀ የሚያጠጋጋው ቫይብሬተር ሦስት ቦታ መጠለቅ ሲገባው አንድ ቦታ ይጠልቃል። በማግስቱ የሚታይ ነገር የለም፤ ሶሌታው እንደማንኛውም ሶሌታ ግራጫና ለስላሳ ነው።

ስለዚህ ዋዜማው ላይ ከሦስት አንዱ ይወሰናል፦ ሁለተኛ ሚክሰር መከራየት፣ ንጋት 12 ሰዓት መጀመር፣ ወይም ሙሌቱን ለሁለት ቀን መክፈል። መክፈል ከተመረጠ የት እንደሚቆም የሚወስነው መሐንዲሱ ነው። ብዙውን ጊዜ ቆራጩ ኃይል በሚያንስበት፣ ከቢሙና ከሶሌታው ርዝመት መካከለኛው አንድ ሦስተኛ ላይ፣ ጣውላ ቀጥ ብሎ ቆሞበት እንዲሆን ይደረጋል። «የደረሰበት ድረስ እንሙላ» ማለት መገጣጠሚያውን ለዕድል መስጠት ነው፤ ዕድል ደግሞ ኮለኑ ጥግ ላይ ሊያቆመው ይችላል።

የሰው ድልድሉም በወረቀት ላይ ይጻፍ። ለአንድ ሚክሰር፣ ለአንድ ከረጢት 2 ሳጥን አሸዋና 3 ሳጥን ጠጠር የሚገባ ከሆነ፦ የሚክሰር ኦፕሬተር 1፣ ሲሚንቶ የሚያቀርቡ 2፣ አሸዋ 4፣ ጠጠር 6 (ሳጥኑን ሁለት ሁለት ሆነው ነው የሚሸከሙት)፣ ውሃ የሚለካ 1፣ ጋሪ የሚገፉ 6፣ ቫይብሬተር ላይ የሚፈራረቁ 2፣ የሚዘረጉ 4፣ ከፍታና ልስላሴ የሚያስተካክሉ 2፣ ከላይ የተረገጠ ፌሮ የሚያነሳ ፌራዮ 1፣ ከታች ድጋፍ የሚጠብቅ አናጢ 1። በድምሩ 30 ሰው። ከነዚህ ውስጥ ብዙ ጊዜ የሚዘነጉት የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ናቸው። በእግር የተረገጠ የላይኛው ፌሮ ወደ ታች ከወረደ ሥራውን አይሠራም። ከታች ያለው የባሕር ዛፍ ድጋፍ ደግሞ ሙሌት ላይ እያለ መሬት ውስጥ ሊሰምጥ ይችላል፤ በተለይ ሥሩ ጣውላ ያልተነጠፈለት ከሆነ።

ለዚያ አናጢ ጥሩ ፎርማን የሚሰጠው ሥልጣን አለ፦ «አቁም» ካለ ሙሌቱ ይቆማል። ፎርማኑን ፈልጎ ማስፈቀድ የለበትም፣ ለካቦው (የቀን ሠራተኞቹን ለሚያመጣው አለቃ) ማስረዳት የለበትም። ይህ ጠዋት ላይ 30ውም ሰው ባለበት ይነገራል። አንድ ጊዜ በከንቱ ቢያስቆም እንኳ የሚጠፋው ጊዜ 10 ደቂቃ ነው፤ «ምን አስቆመህ!» ብለው ከተቆጡት ግን በሚቀጥለው ጊዜ እያመነታ ሦስት ድጋፍ ይሄዳል።

ሌላው የዋዜማ ዕቃ፦ ሁለተኛ ቫይብሬተር (አንዱ መበላሸቱ አይቀርም)፣ ነዳጅ፣ ለምሽት መብራት፣ ለዝናብ ላስቲክ። ውሃ ለቅልቅሉ ብቻ 144 በ25፣ ማለትም 3,600 ሊትር ያስፈልጋል፤ መታጠቢያውንና ማግስቱን ሳይጨምር። ሮቶው ሙሉ መሆኑን ሄዶ አንኳኩቶ ማየት ነው፤ «ሞልቷል» የሚል ቃል ብቻ ይዞ ማደር አይገባም።

ስለ ትእዛዝ አሰጣጥ። «ቶሎ በሉ»፣ «በደንብ ሥሩ»፣ «ጠንቀቅ በሉ» ትእዛዝ አይባሉም፤ ሰሚው ምን እንደሚያደርግ አይነግሩትም። «ቫይብሬተሩን ቀጥ አድርገህ አስገባ፣ እስከ 10 ቁጠር፣ አረፋው ሲያቆም ቀስ ብለህ አውጣ፣ ከዚያ 40 ሳንቲ ሜትር ራቅ ብለህ ድገም፣ አርማታውን በሱ አትግፋ» ግን ትእዛዝ ነው። ምክንያቱ ከተጨመረበት የበለጠ ይያዛል፦ ካነሰ ጠጠሩ መሐል ክፍተት ይቀራል፣ ከበዛ ጠጠሩ ወደ ታች ይወርድና ላዩ ላይ ሲሚንቶና ውሃ ብቻ ይንሳፈፋል። ምክንያቱን ያወቀ ሰው ፎርማኑ ዞር ሲልም ያደርገዋል።

አዲስ አበባ ውስጥ በየሳይቱ ያለው የቀን ሠራተኛ ከብዙ አካባቢ የመጣ ነው፤ አማርኛ የአፍ መፍቻ ቋንቋው ያልሆነ ብዙ አለ። «ገባህ?» ተብሎ ሲጠየቅ «አዎ» ይላል፤ አለመግባትን በሰው ፊት መናገር ያሳፍራላ። ስለዚህ «ገባህ?» የሚለውን ጥያቄ ትቶ «እስቲ አሳየኝ» ማለት ይሻላል። የመጀመሪያውን ዙር አብሮ መለካት፣ ሁለተኛውን እሱ ሲለካ ማየት፣ ከዚያ መልቀቅ። የውሃ መጠን በቃል ከሚነገር ባልዲው ላይ በቀለም መስመር ይሠመርበት፤ መስመር በየትኛውም ቋንቋ ይነበባል።

ወጣት መሐንዲስ የ50 ዓመት ግንበኛ ሲያርም ነገሩ ሌላ ነው። ሰውየው መሐንዲሱ ሳይወለድ ድንጋይ ይጠርብ ነበር፤ ከጎኑ ረዳቶቹ ቆመዋል፣ ምናልባትም ከመካከላቸው ልጁ አለበት። «ይሄ ግድግዳ ጠማማ ነው፣ አፍርሰው» የሚል ቃል ግድግዳውን ሊያቃና ይችላል፤ ሰውየውን ግን ያጠፋዋል። «ጋሼ፣ እስቲ አንዴ ቱምቢውን አብረን እንጣልበት» ማለት ይበቃል። ቱምቢው፣ በክር የሚንጠለጠለው የቀጥታ መለኪያ፣ ራሱ ይናገራል፤ ግንበኛውም ማንም ሳያዘው ማፍረሱን ይጀምራል። እሱ ራሱ ካየው በኋላ ስለ ወጪው ማውራት ይቻላል፦ 4 ሜትር በ3 ሜትር የሆነ ግድግዳ ላዩ ላይ 2 ሳንቲ ሜትር ካዘነበለ፣ ለማቃናት የሚገባው ተጨማሪ ልስን በአማካይ 1 ሳንቲ ሜትር ውፍረት፣ ማለትም 0.12 ሜትር ኪዩብ ነው። አንድ ግድግዳ ላይ ብቻ። የወፈረ ልስን ደግሞ በአንዴ ከተለጠፈ ይሰነጠቃል፣ ይላቀቃልም። ስም ማወቅና «አንተ ልጅ» ከማለት ይልቅ በስም መጥራት፣ ትልቁን ሰው በአንቱታ ማናገር፣ ለሴቶቹም እንዲሁ፣ ጊዜ የማይፈጅ ነገር ነው፤ የማይከበር ሰው ስህተት ይዞ አይመጣም።

ሴቶች ላይ ልጨምር። አሸዋና ውሃ የሚያቀርቡት ብዙ ጊዜ እነሱ ናቸው። ያንኑ ሳጥን ተሸክመው ያንኑ ደረጃ ወጥተው ያነሰ የሚከፈላቸው ከሆነ፣ ፎርማኑ «እኔ አይደለሁም፣ ካቦው ነው» ብሎ ሊያልፈው አይገባም።

ካቦው ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። ሰው የሚያመጣው፣ የሚያሰልፈው፣ አንዳንዴም የሚከፍለው እሱ ነው። ጥሩ ካቦ ሳይትን ያቀላል። ክፍያው በሱ እጅ ሲያልፍ ግን በቀን ከያንዳንዱ ላይ ትንሽ ትንሽ መቁረጥ፣ ያልመጣ ሰው ስም መሙላት ይመጣል። መከላከያው ውስብስብ አይደለም። የሰዓት መቆጣጠሪያው በቀን ሁለቴ፣ ጠዋትና ከምሳ በኋላ፣ በፎርማኑ ወይም በሰዓት ተቆጣጣሪው እጅ ይሞላ፤ ክፍያው በሠራተኛው እጅ ተፈርሞ ወይም በራሱ ቴሌብር ይግባ። ካቦው ለሚሠራው ሥራ የራሱ ክፍያ በግልጽ ይቆረጥለት፤ ያልተከፈለ ካቦ ከሌላው ላይ መውሰዱ አይቀርም።

የትርፍ ሰዓት ሒሳብ ሙሌት ቀን ላይ የሚመጣ ጭቅጭቅ ስለሆነ ፎርማኑ በቃሉ ሊያውቀው ይገባል። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት መደበኛው ሥራ በቀን 8 ሰዓት፣ በሳምንት 48 ሰዓት ነው። ከንጋቱ 12 እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ባለው ጊዜ የሚሠራ ትርፍ ሰዓት የመደበኛው የሰዓት ክፍያ አንድ ተኩል፣ ከምሽቱ 4 እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት 1.75 እጥፍ፣ በሳምንት የዕረፍት ቀን 2 እጥፍ፣ በሕዝብ በዓል ቀን 2.5 እጥፍ ይከፈላል። በቀን 400 ብር የሚከፈለው ሰው የሰዓት ክፍያው 50 ብር ነው፤ እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ባለው ጊዜ 3 ሰዓት ትርፍ ቢሠራ 3 በ75፣ ማለትም 225 ብር ይጨመርለታል። ትርፍ ሰዓት በቀን ከ4፣ በሳምንትም ከ12 ሰዓት አይበልጥም። ከላይ ያሰላነው የ12 ሰዓት ሙሌት እንግዲህ በአንድ ፈረቃ ሰው ልክ ድንበሩ ላይ ነው፤ ከዚያ ካለፈ ተቀያሪ ሰው ያስፈልጋል። የምሽቱ ክፍያ ጠዋት ላይ ይነገር። ማታ የሚደረግ ድርድር ሁለቱንም ወገን ያስቀይማል።

የቅዳሜ ክፍያ የሚዘገይ ከሆነ ሐሙስ ላይ መናገር ይገባል። የቤት ኪራይ ያለበት ሰው ሁለት ቀን ካገኘ ብድር ይጠይቃል፣ ይዘጋጃል። ቅዳሜ 7 ሰዓት ላይ የተነገረው ግን ሰኞ ከመጣም ልቡ ሳይቱ ላይ አይሆንም።

ፎርማን ከሱ በላይ ላሉትም መጥፎ ዜና ማድረስ አለበት፤ እዚህ ላይ ብዙዎች ይወድቃሉ። ባለቤቱ ጣውላውን ለሚቀጥለው ፎቅ ስለፈለገው «ሶሌታው ደርቋል፣ ፍቱት» ይላል። ላዩ መድረቁ እውነት ነው፤ ጥንካሬው ግን ገና ነው። መሐንዲሱ ሌላ ካላዘዘ የተለመደው አቆጣጠር ይህ ነው፦ የኮለንና የቢም ጎን ከ1 ቀን በኋላ ሊፈታ ይችላል፣ የሶሌታው ሥር ጣውላ 7 ቀን፣ የሶሌታው ድጋፍ 14 ቀን፣ የቢም ድጋፍ 21 ቀን ይቆያል። በብርድ ወራት ይረዝማል እንጂ አያጥርም። የሚረዳው መላ፣ የተሞላበትንና የሚፈታበትን ቀን በቀለም ኮለኑ ላይ መጻፍ ነው። ያኔ ክርክሩ በፎርማኑና በባለቤቱ መካከል መሆኑ ይቀርና ኮለኑ ላይ ካለው ቀን ጋር ይሆናል። ባለቤቱ አሁንም ካዘዘ «ጌታዬ፣ ከመሐንዲሱ በጽሑፍ ያምጡልኝ፣ በቃል አልፈታም» ማለት ይገባል። ይህን ሲል ሥራውን ሊያጣ ይችላል። ቀላል ነገር አይደለም፤ ግን ከድጋፉ ሥር የሚያልፉት የሱ ሰዎች ናቸው።

ቁፋሮም እንዲሁ። ጥልቀቱ ከአንድ ሜትር ተኩል ሲያልፍ፣ በተለይ ክረምት ላይ፣ ጎኑ ሳይደገፍ ወይም ተዳፋት ሳይደረግ ሰው አይወርድበትም፤ የወጣው አፈር ከጠርዙ ቢያንስ አንድ ሜትር ይራቅ፣ መሰላልም ሁልጊዜ ውስጡ ይኑር። ሠራተኛው «ጎኑ ተሰንጥቋል» ካለ መጀመሪያ ሰው ይወጣል፤ ማየቱ ከዚያ በኋላ ነው።

የናሙናው ነገር ደግሞ የመሪውን ሐቀኝነት ይፈትናል። የአርማታው ጥንካሬ የሚፈተንበት የ15 ሳንቲ ሜትር ኪዩብ የሚሞላው ከተራው ዙር ነው፤ ለናሙና ተብሎ ሲሚንቶ ከተጨመረበት ልዩ ዙር አይወሰድም። በ7 ቀን ሲጨመቅ ከ28 ቀኑ ጥንካሬ ሁለት ሦስተኛ ገደማ ይጠበቃል። ከዚያ በጣም ካነሰ በ7ኛው ቀን መታወቁ በረከት ነው፤ ላይኛው ፎቅ ገና አልተጫነበትም። ሠራተኞቹ ፎርማኑ ናሙናውን ሲያሳምር ካዩት፣ እነሱም ሥራቸውን ለሱ ማሳመር ይጀምራሉ።

በመጨረሻ፣ ሙሌቱ ካለቀ በኋላ ሁሉም ደክሞ የሚረሳው ሥራ አለ፦ ውሃ ማጠጣት። ላዩ በእጅ ሲነካ የማይቦረቦር ሲሆን ይጀመራል፤ ቢያንስ 7 ቀን ይቀጥላል። በበጋ ፀሐይና ነፋስ ባለበት በቀን ሦስቴም አይበቃም፤ ጆንያ አልብሶ ማራስ ወይም ዙሪያውን በአሸዋ ከትሮ ውሃ ማቆር ይሻላል። ቅዳሜ የተሞላ ሶሌታ ወሳኝ ቀኑ እሑድ ነው፤ እሑድ ደግሞ ሳይት ላይ ያለው ዘበኛው ብቻ ነው። ስለዚህ ቅዳሜ ማታ ከመሄዱ በፊት ፎርማኑ ዘበኛውን በስሙ ጠርቶ፣ ጎማውን የት እንዳስቀመጠ አሳይቶ፣ ሰዓቶቹን (ጠዋት 2፣ ቀን 6፣ ከሰዓት 10) ወረቀት ላይ ጽፎ፣ የእሑድ የዕረፍት ቀን ክፍያውን ነግሮት ይሂድ። የፎርማኑ ስልክ ቁጥርም እዚያው ወረቀት ላይ ይጻፍ፤ እሑድ ጠዋት ሮቶው ባዶ ሆኖ ቢገኝ ዘበኛው ወዲያው እንዲደውልለት።